አቧራ ባሕር ተሻግሮ የሚሄደው እንዴት ነው? ሰቆጣ ላይ ለሚያስለን ሰውስ ምን ይነግረናል?



ሰሞኑን ከሰቆጣና ከአካባቢው በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አቧራ ናቸው። "ዶክተር፣ በጋው ከገባ ጀምሮ ሳል አልለቅ አለኝ፣ አቧራው ይሆን?" "ልጄ ነፋስ ሲነሳ ደረቱን ያፍነዋል፣ ምን ላድርግ?" "የአፋሩ እሳተ ገሞራ አመድ እኛ ጋ አልደረሰም ወይ?" "ወተት ብጠጣ ይጠርግልኛል?" ጥያቄዎቹ የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ መልሳቸው የሚነሳው ከአንድ ቦታ ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ላይ ልመልሳቸው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ አቧራን በዓይናችሁ ብቻ አትመዝኑት። የሚታየው አቧራ ልብስ ያቆሽሻል፣ ዓይን ይቆረቁራል፣ ያስነጥሳል፤ ግን ብዙም ሳይርቅ ይወድቃል። ባሕር ተሻግሮ የሚሄደውም፣ ሳንባችን ውስጥ ጠልቆ የሚገባውም የማይታየው ብናኝ ነው። የሁለቱም ምክንያት አንድ ነው፤ መጠኑ።

አውድማ ላይ የምታዩት ነገር

ዋግ ኽምራ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። ገብስ ወይም ስንዴ ተወቅቶ ሲያበቃ ገበሬው ነፋስ ጠብቆ በላይዳ ወደ ላይ ይበትነዋል። ፍሬው እዚያው እግሩ ሥር ይወድቃል። ገለባው ጥቂት ራቅ ብሎ ይከመራል። እብቁ ደግሞ ከአውድማው አልፎ ይሄዳል። ከእብቁም የደቀቀ ብናኝ አለ፤ እሱ የት እንደደረሰ ማንም አያይም። ነፋሱ ለሁሉም አንድ ነው፤ የለያያቸው የየራሳቸው ክብደትና መጠን ነው።

ነፋስ መሬት ላይ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ጠንከር ያለ ነፋስ ደረቅና ሣር የሌለበት መሬት ሲያገኝ፣ ጠጠሩ ባለበት ይንከባለላል። የአሸዋው ቅንጣት ግን እየዘለለ ይሄዳል፤ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይነሳል። በወደቀ ቁጥር መሬቱን እየደበደበ ከአፈሩ ውስጥ ደቃቁን ብናኝ ፈልቅቆ ያወጣዋል። ያ ደቃቅ ብናኝ አንዴ አየር ላይ ከወጣ፣ ከሞቀው መሬት ወደ ላይ የሚነሳው አየር እየገፋ ኪሎ ሜትሮች ከፍ ያደርገዋል።

አሁን ትንሽ ቁጥር ልጨምር። አንድ ሚሊ ሜትር ለሺህ ሲከፈል አንዱ ክፍል ማይክሮን ይባላል። የጭንቅላታችን ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ነው። እንግዲህ አየሩ ጸጥ ብሎ ከአንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ብናኝ ብንለቅ፣ 100 ማይክሮን የሆነው የአፈር ቅንጣት በግማሽ ሰዓት ገደማ መሬት ይደርሳል። 10 ማይክሮን የሆነው አንድ ቀን ተኩል ያህል ይፈጅበታል። 1 ማይክሮን የሆነው ግን ወራት ያስፈልጉታል። በእነዚያ ወራት ውስጥ ነፋስ የት የት ሊያደርሰው እንደሚችል አስቡት። ብዙውን ጊዜ ወደ መሬት የሚያወርደው ዝናብ ነው፤ ክረምት ሲገባ አየሩ ጥርት የሚለውም ለዚህ ነው።

የሃይሊ ጉቢ አመድ ለምን ዴልሂ ደረሰ?

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ረፋድ ላይ አፋር ውስጥ የሚገኘው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ እስከ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰማይ ወጣ። የአፍዴራ አካባቢ በአመድ ተሸፈነ፣ የከብቶች ግጦሽም አብሮ ተሸፈነ። ዋናው የአመድ ደመና ግን ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን ላይ አልፎ፣ ከዚያ የዓረቢያን ባሕር ተሻግሮ ወደ ፓኪስታንና ሕንድ ሄደ። ሰኞ ሌሊት ዴልሂ ሰማይ ላይ ነበር። አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሃይሊ ጉቢ ከሰቆጣ በአየር መስመር 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዴልሂ ግን ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ደመናው ሩቁ ጋ የሄደበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ አመዱ በጣም ከፍ ብሎ ወጥቷል። ሁለተኛ፣ በዚያ ከፍታ ላይ የነበረው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ነበር። መሬት ላይ እኛ ፊታችን ላይ የሚሰማን ነፋስና ከላይ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ነፋስ አንድ አይደሉም፤ አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ ሊሄዱ ይችላሉ። ስለዚህ "ቅርብ ነን፣ መጣብን" ወይም "ሩቅ ነን፣ አይነካንም" ብሎ በርቀት ብቻ መወሰን አይቻልም።

ሌላም ትምህርት አለው። ዴልሂ ላይ የደረሰው አመድ ከመሬት ኪሎ ሜትሮች ከፍ ብሎ ስለነበር ዋናው ችግሩ ለአውሮፕላን እንጂ መንገድ ላይ ለሚሄደው ሰው ትንፋሽ አልነበረም። አፍዴራ ላይ ግን ሰው ደጃፍ ላይ ወረደ። ለጤናችን ወሳኙ ጥያቄ "ሰማይ ላይ ምን አለ?" የሚለው አይደለም፤ "እኔ በምተነፍስበት ከፍታ ላይ ምን አለ?" የሚለው ነው።

እርግጥ ነው፣ የእሳተ ገሞራ አመድና የአፈር አቧራ አንድ ዓይነት አይደሉም። አመድ የምንለው የተፈጨ ድንጋይና እንደ መስታወት ያለ ስብርባሪ ነው እንጂ የምድጃ አመድ አይደለም። የጉዞ ሕጋቸው ግን አንድ ነው።

ከቻድ እስከ አማዞን

የአፈር አቧራም ቢሆን ከዚህ ያላነሰ ይጓዛል። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ አቧራ ከሚነሳባቸው ቦታዎች አንዱ ቻድ ውስጥ ያለው የቦዴሌ ረባዳ መሬት ነው። ቦታው በጥንት ዘመን ትልቅ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ሲደርቅ በውስጡ ይኖሩ የነበሩ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮች ቅሪት እንደ ዱቄት ሆኖ ቀረ። በሁለት ተራሮች መካከል እየተጨመቀ የሚመጣው ነፋስ ያንን ዱቄት ያነሳዋል።

የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ተቋም ናሳ ሳይንቲስቶች በሳተላይት ለክተው እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት መሠረት፣ በየዓመቱ በአማካይ 182 ሚሊዮን ቶን አቧራ ከሰሃራ ምዕራባዊ ጫፍ ወጥቶ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። ከዚህ ውስጥ 27.7 ሚሊዮን ቶን ያህሉ ደቡብ አሜሪካ ደርሶ አማዞን ደን ላይ ይወርዳል፤ ለዛፎቹ ማዳበሪያ የሚሆን ፎስፈረስም ይዞ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ደግሞ ከሰሃራ የተነሳ ከባድ የአቧራ ደመና ውቅያኖሱን አቋርጦ የካሪቢያን ደሴቶችንና ደቡባዊ አሜሪካን አልብሷቸው ነበር። ለአንዱ ማዳበሪያ የሆነው ለሌላው ሳል ነው እንግዲህ።

ሰቆጣ ላይ የምንተነፍሰውስ ከየት ነው?

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ወደ ተከዜ ሲወረድ ያሉት አበርገሌና ዝቋላ ደግሞ ቆላ ናቸው። ደጋም ሆነ ቆላ፣ ዝናቡ ወራቱ አጭር ነው፤ ቀሪው የዓመቱ ክፍል ደረቅ ነው። ተዳፋቱ ተሸርሽሯል፣ ሣሩ ተግጧል። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ መሬቱን የሚይዘው ሥር ይጠፋል። ነፋስ የሚፈልገው ይህን ዓይነት መሬት ነው።

ሰማዩ ለቀናት ዳምኖ ሳይሆን ደብዝዞ፣ ፀሐይዋ ገርጥታ፣ ማዶ ያለው ተራራ አልታይ ሲላችሁ ከሩቅ የመጣ ደቃቅ ብናኝ አየሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሸራ ላይ፣ ወንበር ላይ፣ እንስራ ላይ ተኝቶ በጣታችሁ የምትጽፉበት ወፍራም አቧራ ግን አብዛኛው የሰፈር ነው፤ ከጥርጊያ መንገዱ፣ ከታረሰው ማሳ፣ ከአውድማው የተነሳ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ድንገት የሚነሳው አቧራማ ነፋስም አለ። ከዝናብ ደመናው ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ይወድቅና መሬት ሲነካ ወደ ጎን ይፈነዳል፤ አፈሩን ጠራርጎ ያስነሳል። ካርቱም የኖራችሁ "ሃቡብ" የምትሉት ይኸው ነው፤ እዚያ ሜዳው ሰፊ ስለሆነ እንደ ግድግዳ ቆሞ ይመጣል።

ይህን የምላችሁ ለምንድን ነው? ከሰሃራ የሚመጣውን ማስቆም አንችልም። ከደጃፋችን የሚነሳውን ግን መቀነስ እንችላለን።

ሰውነታችን ውስጥ ሲገባ

አፍንጫችን ራሱ ወንፊት ነው። ከ10 ማይክሮን በላይ የሆነውን ፀጉሩና ንፍጡ ይይዙታል፤ በንፍጥና በማስነጠስ ይወጣል። ከ10 በታች የሆነው ወደ አየር ቧንቧ ይወርዳል፤ እሱንም ቢሆን ብዙውን አክታ ጠርጎ ያወጣዋል። ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆነው ግን አየርና ደም እስከሚገናኙበት እስከ ሳንባ ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል። በጣም ደቃቁ ወደ ደምም ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ነው ደቃቅ ብናኝ ሳንባን ብቻ ሳይሆን ልብንና የአንጎል ደም ሥርንም የሚጎዳው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለው ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆነ ብናኝ በአማካይ ከ15 ማይክሮ ግራም፣ ከ10 በታች የሆነው ደግሞ ከ45 ማይክሮ ግራም መብለጥ የለበትም ይላል።

ይበልጥ የሚጎዱት እነማን ናቸው? አስም ያለባቸው፣ የቆየ የሳንባ ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው፣ አዛውንቶች፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ናቸው። በተለይ የተመጣጠነ ምግብ ያላገኘ ሕፃን ሳንባው በቀላሉ ይጠቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም የወጣው የመንግሥት ዕቅድ "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" መባሉ በከንቱ አይደለም። የልጁ ማዕድና የልጁ ሳንባ የተያያዙ ናቸው።

አሁን ደግሞ ወደ ኩሽና እንግባ። የማገዶና የኩበት ጭስ አብዛኛው ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆነ ብናኝ ነው፤ ማለትም ከመንገዱ አቧራ ይልቅ ጠልቆ የሚገባው ዓይነት። መስኮት በሌለው ቤት እንጀራ የምትጋግር እናት ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላ ከሆነ፣ ውጭ ምንም ነፋስ በሌለበት ቀን ሁለቱም ከባድ ብናኝ ይተነፍሳሉ። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት የቤት ውስጥ ጭስ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ለሚሆን ሰው ሞት ምክንያት ሆኗል። ስለ ሰሃራ አቧራ የሚጨነቅ ሰው መጀመሪያ ምድጃውን ይይ።

"የአቧራ ሳል ነው" — ትልቁ አደጋ

እኔን ከአቧራው ራሱ ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ይህ አባባል ነው። በበጋ የመጣ ሳል ሁሉ "አቧራ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ይለቃል" እየተባለ ይቆያል። ታካሚዎች ወራት አልፎባቸው የሚመጡት ብዙ ጊዜ ይህን ብለው ነው። እነዚህን አራቱን በአቧራ አታሳብቡ፦

1. ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል። በተለይ ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካለ። ይህ እስኪመረመር ድረስ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ሊሆን ይችላል ብለን ነው የምናስበው። ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው። በዘገያችሁ ቁጥር ቤተሰብም ይያዛል።

2. ሳል ያለበትና ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሕፃን። ልጁ ሳያለቅስ፣ ተረጋግቶ ሳለ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ዕድሜው ከ2 ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ አታሳድሩት፤ በዚያው ሰዓት ውሰዱት። ጤና ጣቢያው ሩቅ ከሆነ መጀመሪያ ቀበሌያችሁ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አግኙ።

3. ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታትና የአንገት መገተር። ሀገራችን ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋው "የማጅራት ገትር ቀበቶ" ውስጥ ናት፤ በሽታው የሚበረታውም በደረቁና በአቧራማው ወቅት ነው። አቧራው በሽታውን አያመጣውም፤ ባክቴሪያው የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው ነው። ደረቁና አቧራማው አየር ግን የጉሮሮን ሽፋን ስለሚያቆስል ለባክቴሪያው መንገድ ይከፍትለታል ተብሎ ይታመናል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በአፍሪካ፣ ከ2013 ጀምሮ በኢትዮጵያ የተሰጠው ክትባት "ኤ" የሚባለውን ዓይነት ክፉኛ ቀንሶታል፤ ሌሎቹ ዓይነቶች ግን አሁንም አሉ። ብርሃን መፍራት፣ ማስመለስ፣ ሕፃን ላይ የእርግብግቢት መወጠር ካያችሁ ሰዓታት ናቸው ያሏችሁ። "ምች ነው" ብላችሁ ቤት አታቆዩት።

4. ደጋግሞ የሚያመረቅዝ ወይም ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ የገባ ዓይን። አማራ ክልል ትራኮማ እጅግ ከተስፋፋባቸው የዓለማችን አካባቢዎች አንዱ ነው። ትራኮማ በባክቴሪያ ይመጣል፤ በዝንብ፣ በእጅና በጋራ ፎጣ ይተላለፋል። አቧራ ዓይን ያስቆጣል እንጂ ትራኮማን አይፈጥርም። ስለዚህ ፊት መታጠብና ሕክምና እንጂ "አቧራው ሲያልፍ ይድናል" ብሎ መጠበቅ ለዓይነ ስውርነት ይዳርጋል።

ስለ ወተትና ስለ ነጠላ

ወተት አቧራን ከሳንባ ይጠርጋል ወይ? አይጠርግም። ወተት የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፤ አቧራው ያለው ሳንባ ውስጥ ነው፤ መንገዳቸው ለየቅል ነው። ወተት ጥሩ ምግብ ስለሆነ ካላችሁ ጠጡ፣ ለልጆቻችሁም ስጡ። "ወተት ስለጠጣሁ አቧራው አይጎዳኝም" ብላችሁ ግን አትዘናጉ። አረቄማ ጭራሽ አይሆንም።

ነጠላ ወይም ሻርፕ አፍና አፍንጫ ላይ ማድረግስ? ወፍራሙን አቧራ ይቀንሳል፣ ከምንም ይሻላል። ደቃቁን ግን አያስቆምም። ደቃቁን የሚይዘው "ኤን 95" የሚባለው ማስክ ነው፤ እሱም ፊት ላይ ግጥም ብሎ ከተቀመጠ ብቻ ነው። አስም ኖሮባችሁ የግድ አቧራ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ እሱን ፈልጉ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

- አውድማ ላይ ስትሠሩ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ፤ ብናኙ ከእናንተ ይራቅ። ልጆችና አስም ያለባቸው ነፋሱ በሚሄድበት በኩል አይቀመጡ።
- ግቢና ደጃፍ ከመጥረጋችሁ በፊት ውኃ እርጩበት። ውኃ ችግር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልብስና ዕቃ የታጠበበት ውኃ ይበቃል።
- አቧራማ ነፋስ ሲነሳ በርና መስኮት ዝጉ፤ የመጠጥ ውኃና ምግብ ክደኑ። ሲያልፍ ደግሞ ከፍታችሁ ቤቱን አናፍሱ።
- ስትጋግሩና ስታበስሉ ግን በርና መስኮት ክፈቱ። የሚቻል ከሆነ ምርጥ ምድጃ ተጠቀሙ፣ ጭስ መውጫ አብጁለት፣ ደረቅ እንጨት አንድዱ። ሕፃን አዝላችሁ እሳት አጠገብ አትቆዩ።
- ዓይን ውስጥ አቧራ ከገባ አትሹት። በንጹሕ ውኃ እጠቡት። ሕመሙ ወይም መቅላቱ እስከ ማግሥቱ ካልለቀቀ ታዩ።
- አስም ካለባችሁ ሳልቡታሞል ፓፋችሁን (ብዙዎቻችሁ ቬንቶሊን የምትሉትን) ከቤት ስትወጡ ያዙ፤ ማለቂያ ቀኑንም እዩ። በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት የታዘዘላችሁ ደህና ስለሆናችሁ ብቻ አታቋርጡት፤ ደህና የሆናችሁት በእሱ ነው። ፓፉን ወስዳችሁ ካልቀለላችሁ ወይም አንድ ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጡ መናገር ካቃታችሁ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።
- የእሳተ ገሞራ አመድ ከወረደ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት እንጂ በደረቅ መጥረጊያ አታቡንኑት። ክፍት የነበረ ውኃ አትጠጡ፤ ከብቶችንም አመድ ካለበት ግጦሽ አርቁ።
- ተዳፋቱን ከግጦሽ መከለልና ሣርና ዛፍ እንዲመለስበት ማድረግ የግብርና ሥራ ብቻ አይደለም። ሥር የያዘውን አፈር ነፋስ አያነሳውም፤ የልጆቻችሁም ሳንባ ከዚያው ይጠቀማል።

ይህን ጽሑፍ በተለይ ገጠር ላሉ ዘመዶቻችሁ በስልክ አንብቡላቸው፤ ኢንተርኔት የሌላቸው እነሱ ናቸው። ከሁሉም በላይ የትንፋሽ ቆጠራዋን አስተምሯቸው። ቤታችሁ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ዝናብ አትጠብቁ፤ ነገ ጠዋት ይዛችሁት ሂዱ።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ እመልሳለሁ።